ጭራችን የት ገባ? ስለ ኮርዴቶች ከጎጃም የመጡ ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ሰው፣ የጣና ቀረሶ፣ እና ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ቱኒኬት የሚባል ፍጥረት፣ ሦስቱም ኮርዴት በሚባለው አንድ ፋይለም (ትልቅ የእንስሳት ምድብ) ውስጥ እንደሚመደቡ በሁለት መስመር ጽፌ ነበር። በሁለት መስመር የማልፈው መስሎኝ ነበር እንጂ ጥያቄው ጎረፈ። የሚበዛው ከጎጃም ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት እዚያ የባዮሎጂ ፈተና ተቃርቦ ይሆናል። ስማችንን አትጥቀስ ያላችሁኝ ስላላችሁ የሁላችሁንም ትቼ ከተማውን ብቻ አስቀምጫለሁ።

ከደብረ ማርቆስ

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኮርዴት ለመባል አራት ምልክት ያስፈልጋል ተብለን ተምረናል። ኖቶኮርድ፣ በጀርባ በኩል የሚያልፍ ውስጡ ባዶ የሆነ የነርቭ ቱቦ፣ የጉሮሮ ስንጥቆች፣ እና ከፊንጢጣ ያለፈ ጭራ። ራሴን ፈትሼ አየሁት። ጭራ የለኝም። ጉሮሮዬ አልተሰነጠቀም። ኖቶኮርድም የለኝም። ከአራት አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት። ታዲያ በምን ሒሳብ ነው ኮርዴት የሆንኩት?

መልስ፦ ቆጠራህ ልክ ነው። የፈተሽክበት ጊዜ ነው ያልሆነው። መስታወት ውስጥ ያየኸው ያደገ ሰው ነው፤ የኮርዴት ምልክቶች የሚፈተሹት ግን ፅንስ ላይ ነው። መማሪያ መጽሐፍ ይህን "በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ በአንድ ወቅት" በምትል ቁራጭ ሐረግ ያልፈዋል። ተማሪ አራቱን ምልክት ይሸመድድና ሐረጓን ይዘላታል። ነገሩ በሙሉ ያለው ግን እሷ ውስጥ ነው። አንድን እንስሳ ኮርዴት ነው ወይስ አይደለም ለማለት ስትፈልግ አሁን ምን ይመስላል ብለህ አትነሳ። ፅንስ ወይም እጭ ሳለ ምን ነበረው ብለህ ጠይቅ። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ሁሉ የምመልሰውም በዚህችው ጥያቄ ነው።

እስቲ አንተን እንፈትሽ። በተፀነስክ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ቁመትህ በሚሊሜትር የሚለካ ሳለህ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ዘንግ ተሠርቶልህ ነበር። ኖቶኮርድ እሱ ነው። አጥንት አይደለም፤ ልም አጥንትም አይደለም። በፈሳሽ የተወጠሩ ሴሎች ተደርድረው በጠንካራ ሽፋን የታሸጉበት፣ የሚታጠፍ ግን የማያጥር ዘንግ ነው። ለሚዋኝ እንስሳ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የአንድ ጎን ጡንቻ ሲስብ ሰውነቱ ከመኮማተር ይልቅ ወደዚያ ጎን ይታጠፋል፣ ከዚያ በሌላው ጎን እንዲሁ፣ እየተወዛወዘ ወደፊት ይሄዳል። አንተ ግን አትዋኝበትም። በሰው ፅንስ ውስጥ ሥራው ትእዛዝ መስጠት ነው። ከበላዩ ላሉት ሴሎች በኬሚካል መልእክት "ነርቭ ሁኑ" ይላል። በዙሪያው ላሉት "አከርካሪ ሁኑ" ይላል። ሥራውን ሲጨርስ ይሸኛል። የት እንደሚቀር ከታች ለእንጅባራው አንባቢ ጽፌያለሁ።

"ነርቭ ሁኑ" የተባሉት ሴሎች መጀመሪያ በጀርባህ በኩል የተነጠፉ ናቸው። ከዚያ እንጀራ ከሁለት ጎኑ ተጠቅልሎ እንደሚገናኝ ጠርዝና ጠርዛቸው ተነስቶ ይገጥምና ቱቦ ይሆናል። ላይኛው ጫፍ አንጎልህ፣ ታችኛው ሕብለ ሰረሰርህ ሆነ። ባዶነቱም አልቀረም፤ ዛሬም አንጎልህ ውስጥ ፈሳሽ የሞላባቸው ክፍሎች አሉ። ይህን ካነሳሁ አይቀር ለሴት አንባቢዎቼ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ቱቦው ገጥሞ የሚያልቀው ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ገና አላወቁም። ሳይገጥም ከቀረ ልጁ ጀርባው ክፍት ሆኖ፣ ወይም አንጎሉና የራስ ቅሉ ሳይሟላ ይወለዳል፤ ይህ ደግሞ በአገራችን ጥቂት አይደለም። ፎሊክ አሲድ ከማርገዝ በፊት ጀምራችሁ ውሰዱ የሚባለው ለዚህ ነው። በሦስተኛው ወር የተጀመረ ክኒን ለሌላ ነገር ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለዚህ ቱቦ አይደርስለትም።

ጭራም ነበረህ። በአምስተኛው ሳምንት ላይ በግልጽ የሚታይ፣ የአከርካሪ ጅምሮች የያዘ ጭራ። ስምንተኛው ሳምንት ሲያልቅ ተመጥጦ ወደ ውስጥ ገባ። በቂጥህ ስትወድቅ እንባህን የምታመጣው ያቺ ከመጨረሻ ያለች አጥንት የእሱ ቅሪት ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ይህን ነገር ቲቢኤክስቲ ከሚባል ጂን ጋር አያይዞታል። በእኛና ጭራ በሌላቸው በእነ ቺምፓንዚና ጎሪላ ላይ በዚህ ጂን ውስጥ አንዲት ትርፍ የዲኤንኤ ቁራጭ ገብታለች፤ ጭራ ባላቸው ጦጣዎች ላይ የለችም። ተመሳሳይ ለውጥ የተደረገባቸው አይጦች ጭራቸው አጥሮ ወይም ጭርሱን ጠፍቶ ተወለዱ። እኔን የገረመኝ ደግሞ ይኸው ጂን ኖቶኮርድን ለመሥራትም የግድ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው።

ወደ ጉሮሮው እንምጣ። እዚህ ላይ "ሰው እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ እንደ ዓሣ በስንጥብ ይተነፍሳል" የሚል ወሬ አለ። ውሸት ነው። አንድ ቀንም በስንጥብ አልተነፈስክም። የነበሩህ በጉሮሮህ ግራና ቀኝ ወደ ውጭ የሚገፉ ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው። ዓሣ ላይ እነሱ ተቀደው የስንጥብ መውጫ ይሆናሉ። ሰው ላይ ሳይቀደዱ ወደ ሌላ ሥራ ይዞራሉ። የመጀመሪያው ከረጢት የመሀል ጆሮህንና ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወስደውን ቀጭን ቱቦ ሠራ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርድ፣ መኪናው እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲሄድ፣ ጆሮህ ጥርቅም ይላል አይደል? ምራቅህን ስትውጥ ጧ ብሎ ይከፈትልሃል። የተከፈተው ያ ቱቦ ነው። ስለዚህ የጉሮሮ ስንጥቅህ የት ሄደ ቢሉህ እዚያ አሳያቸው።

ከእንጅባራ

ጥያቄ፦ ጽሑፍህን ልጄ አነበበልኝ። እኔ ገበሬ ነኝ። ወገቤን አሞኝ ባሕር ዳር ሄጄ ታየሁና ዲስክ ተንሸራቷል ተባልኩ። ልጄ ታዲያ "አባዬ፣ የተንሸራተተው የዓሣ ዘንግ ነው" ይለኛል። እውነት ነው ወይስ እየቀለደብኝ ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ማረዎት ለማለት ያብቃኝ። ልጅዎ ግማሹን እውነት ይዟል። የዓሣ አይደለም፣ የራስዎ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ዙሪያቸው ጠንካራ ቀለበት ነው፤ መሀላቸው ግን ለስላሳ፣ ውኃ የበዛበት፣ ዝልግልግ ያለ ነገር አለ። ያ መሀለኛው ክፍል መጀመሪያ የሚሠራው ፅንስ ላይ ከነበረው ኖቶኮርድ ነው። አከርካሪዎቹ በዙሪያው ሲገነቡ ዘንጉ እየተጨመቀ ከአጥንቶቹ መሀል ጠፋ፤ በአጥንትና በአጥንት መካከል ግን ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ሴሎችም በልጅነት እየጠፉ በሌሎች ይተካሉ፤ ቦታውና ሥራው ግን ያው ነው። "ተንሸራተተ" ሲባል ዲስኩ በሙሉ ከቦታው ሄደ ማለት አይደለም። ዙሪያው ያለው ቀለበት ሲዳከም ወይም ሲቀደድ መሀለኛው ወደ ውጭ ይገፋና አጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል። እግርዎን እስከ ታች የሚወጋዎት ከሆነ በዚህ ነው። ለዲስክ የሚደርሰው የደም ስር በጣም ጥቂት ስለሆነ ቶሎ አይጠግግም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሕክምናውን ለሐኪምዎ ትቻለሁ። ጎንበስ ብለው ኩንታል እንዳያነሱ ግን እኔም እለምንዎታለሁ፣ ልጅዎ ጎልማሳ ከሆነ እሱ ያንሳ።

ከባሕር ዳር

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ዓሣ እጠብሳለሁ። ቀረሶ ሳቀርብ ይሻማሉ። አምባዛ ሳቀርብ ግን አንዳንዱ ደንበኛ "ቅርፊት የለውም፣ ከውኃ ወጥቶም አይሞትም፣ የእባብ ዘር ነው" ብሎ ይመልስልኛል። እውነት ዓሣ አይደለም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ የሚለው የኦሪት ሕግ ነው። እሱ የመብል ሕግ ስለሆነ ለካህናቱ እተወዋለሁ፣ ሃይማኖቱን ጠብቆ የማይበላውን ሰው አትከራከሪው። ዘሩን በተመለከተ ግን አምባዛ ዓሣ ነው፤ ያለ ምንም ጥርጥር። ከቀረሶም ጋር በአንድ ትልቅ መደብ ውስጥ ነው፣ ክንፋቸው በቀጫጭን አጥንቶች የተወጠረ ዓሦች መደብ ውስጥ። ቅርፊት የትውልድ መለኪያ ቢሆን ኖሮ እባብም ቅርፊት አለው እኮ፤ ለደንበኛሽ ይህን ንገሪልኝ።

ከውኃ ወጥቶ የሚቆየው አየር መተንፈስ ስለሚችል ነው። ከስንጥቡ በላይ ባለ ክፍል ውስጥ እንደ ቁጥቋጦ የተንሰራፋ፣ በደም ስር የተሞላ አካል አለው። አየር ከላይ ጎርሶ እዚያ ያስገባል። ውኃው ሲደፈርስና ኦክስጅን ሲያጥር ሌሎቹ ሲታፈኑ እሱ ይኖራል፤ በእርጥብ መሬት ላይም እየተሳበ ከኩሬ ወደ ኩሬ ሊሄድ ይችላል። እባብ ግን በሳንባ ነው የሚተነፍሰው፣ ስንጥብ በሕይወቱ አያውቅም።

ጣናን ካነሳሽው ግን የእኔን ልብ የሚወስደው አምባዛም ቀረሶም አይደለም። ባርበስ የሚባሉት ናቸው። በሐይቁ ውስጥ 15 ያህል የተለያዩ የባርበስ ዝርያዎች ተቆጥረዋል፤ አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ስለዘጋው እዚያው ለብቻቸው ተለያዩ። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። በዚህ ቤተሰብ ዓሣ አዳኝ መሆን ብርቅ ነው፤ ምክንያቱም በአፋቸው ውስጥ ጥርስ የላቸውም! ጥርሳቸው ያለው ጉሮሮ ውስጥ፣ በመጨረሻው የስንጥብ ቅስት አጥንት ላይ ነው። ለደብረ ማርቆሱ ተማሪ የጉሮሮው የፊተኛው ጫፍ ጆሮ እንደሆነለት፣ ለጣና ባርበስ ደግሞ የኋለኛው ጫፍ መንጋጋ ሆነው ማለት ነው። ስትበልቺው ጭንቅላቱን ከመጣልሽ በፊት ጉሮሮውን ከፍተሽ እዪው፣ ታገኚዋለሽ።

አንድ ቅሬታ ደግሞ አለኝ። ብዙዎቹ ባርበሶች ክረምቱ ሲያልቅ እንቁላል ለመጣል ግልገል አባይን ወደመሳሰሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ልክ ያኔ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ መጠበቅ ቀላል ገንዘብ ነው፤ እንቁላሏን የያዘችውን እናት መሰብሰብ ነው ደግሞ። የባርበሱ ቁጥር ወርዷል። በዚያ ወቅት የሚያመጣልሽን ሰው ከየት እንዳጠመደው ጠይቂው።

ከቡሬ

ጥያቄ፦ የመሬት ትልም፣ አልቅትም፣ ወንዝ ውስጥ ያለው ሸርጣንም ነርቭ አላቸው። ሸርጣን እንዲያውም አጥንት የመሰለ ጠንካራ ነገር አለው። ለምን ኮርዴት አልተባሉም?

መልስ፦ ነርቭ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የት በኩል እንደሚሄድ ነው ጉዳዩ። የትል፣ የአልቅት፣ የንብና የሸርጣን ዋና የነርቭ መስመር በሆዳቸው በኩል ነው የሚያልፈው፤ ውስጡም ባዶ አይደለም። የእኛ በጀርባ በኩል ነው፣ ቱቦም ነው። የሸርጣኑ ጠንካራ ነገር ደግሞ ልብሱ ነው። ሲያድግ ይጠበውና ጥሎት ሌላ ይሠራል፤ የእኛ አጥንት ከውስጥ ሆኖ አብሮን ያድጋል። በትል ላይ አንድ ሌላ ነገር ተመልከት። አንጀቱ የሚያልቀው ከሰውነቱ ጫፍ ላይ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ኮርዴት ላይ ግን ከፊንጢጣው በኋላ ጡንቻ ያለው ጭራ ይቀጥላል። በአጥንት ብቻ የምትፈርድ ከሆነ ትሳሳታለህ፤ ሻርክ በሰውነቱ ውስጥ አጥንት የለውም፣ አካሉ የቆመው በልም አጥንት ነው፣ ግን ኮርዴትም ደንደሴም (ባለ አከርካሪም) ነው።

ይልቅ አንድ የማይታመን ልንገርህ። ባሕር ውስጥ የሚኖረው ኮከብ ዓሣ የሚሉት ባለ አምስት ክንድ ፍጥረት ለእኛ ከንብም ከሸርጣንም ይቀርበናል። ኮርዴት አይደለም፣ ዓሣም አይደለም። ግን በፅንስ ጊዜ መጀመሪያ የምትከፈተው ቀዳዳ በእሱም በእኛም ወደ አፍ ሳይሆን ወደ ፊንጢጣ በኩል ነው የምትሄደው።

ከደምበጫ

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ቱኒኬት ኮርዴት ነው ስላቸው ተማሪዎቼ ይስቃሉ። ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ውኃ የሚያጣራ፣ ጭንቅላት የሌለው ነገር ከሰው ጋር? በምን ላሳምናቸው?

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ብቻቸውን አይደሉም። የተፈጥሮ ሊቃውንትም ለረጅም ዘመን ቱኒኬትን ከቀንድ አውጣ ዘመዶች ጋር ነበር የሚመድቡት። የቀየረው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ያደገውን ትቶ እጩን በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። እጩ የሚዋኝ ነው፤ ጭራ አለው፣ ጭራው ውስጥ ኖቶኮርድ አለ፣ ከላዩ የነርቭ ቱቦ አለ። ገና ጅራቷ ያልጠፋ የእንቁራሪት ልጅ በሉት፣ ለተማሪዎችዎ ሥዕሉን ቢያሳዩዋቸው እሱኑ ነው የሚሉት።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው አስቂኙ። እጩ ጥቂት ዋኝቶ ቦታ ይመርጣል። በራሱ በኩል ድንጋይ ላይ ይጣበቃል። ጭራውን ከነኖቶኮርዱ መጥጦ ይበላዋል፣ አብዛኛውን የነርቭ ቱቦውንም እንዲሁ። ቋሚ ሥራ አግኝቶ ጭንቅላቱን ያፈረሰ ሰው አይቼ ስለማውቅ እኔ አልሳቅሁበትም። ከአራቱ ምልክት ያደገው ላይ የሚቀረው ጉሮሮው ብቻ ነው፤ እሱም በብዙ ስንጥቅ ተበጣጥሶ ትልቅ ወንፊት ይሆናል። ውኃ በአንዱ ቀዳዳ ይገባል፣ ምግቡ ይቀራል፣ ውኃው በሌላው ይወጣል። ውጫዊ ልብሱ ደግሞ ሴሉሎስ የያዘ ነው፤ እንጨትና ጥጥ የሚሠሩበት ያው ሴሉሎስ። ይህን ራሱ የሚሠራ ሌላ የእንስሳ ወገን የለም።

አመዳደቡን በሰሌዳ ላይ ሲጽፉት ኮርዴት ሦስት ቅርንጫፍ አለው ይበሉ። ቱኒኬቶች አንድ። ሁለተኛው ላንስሌት ወይም አምፊዮክሰስ የሚባለው፣ አምስት ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነ፣ ባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አፉን ብቻ አውጥቶ የሚኖር ነው። የራስ ቅል የለውም፣ አጥንት የለውም፣ ግን አራቱም ምልክቶች አድጎም አብረውት ናቸው፤ ለማስተማር ከእሱ የተሻለ እንስሳ አላውቅም። እሱም አላመለጠም፣ ፓላስ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1774 ሲገልጸው ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ብሎ ነበር የመዘገበው። ሦስተኛው ደንደሴዎች ናቸው፤ ዓሦች፣ እንቁራሪት አስተኔዎች፣ ገበሎ አስተኔዎች፣ አዕዋፍና አጥቢዎች። ስለዚህ ደንደሴ ሁሉ ኮርዴት ነው፣ ኮርዴት ሁሉ ግን ደንደሴ አይደለም። በፈተና ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው።

ከሌሎቹ ከሁለቱ ለእኛ ለደንደሴዎች የሚቀርበው ማን ነው ቢባል ሁሉም ላንስሌት ይላል፣ ዓሣ ስለሚመስል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የጂን ጥናት የሚቀርበን ያ ጭንቅላቱን የበላው ቱኒኬት መሆኑን አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም ይህንኑ ደገፉ። ተማሪዎችዎ እንደገና ይሳቁ።

ከፍኖተ ሰላም

ጥያቄ፦ እናቴም አክስቴም እንቅርት አለባቸው፤ በአካባቢያችን ብዙ ነው። አንድ የጤና ባለሙያ የጨው ነገር ነው አለን። ጥያቄዬ የሕክምና አይደለም። ይህ ዕጢ ለምን አንገት ላይ ተቀመጠ? ሌሎች እንስሳትስ አላቸው?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ በጣም እወዳለሁ። ደንደሴ ሁሉ አለው፤ ዓሣም፣ ዶሮም፣ በሬም። አንገት ላይ የተቀመጠው ከጉሮሮ ስለመጣ ነው። በላንስሌትና በቱኒኬት ጉሮሮ ወለል ላይ ኢንዶስታይል የሚባል ቦይ አለ። ንፍጥ እያመነጨ፣ ስንጥቁ ያጣራውን ምግብ ይሰበስባል። ይህ ቦይ ከባሕር ውኃ አዮዲን ይይዛል። ላምፕሬይ በሚባል መንጋጋ የሌለው ዓሣ ላይ ነገሩ በዓይን ይታያል፤ እጩ ኢንዶስታይል አለው፣ ሲያድግ ያው ኢንዶስታይል ተለውጦ ታይሮይድ ይሆናል። በሰው ፅንስም ታይሮይድ ከምላስ ሥር፣ ከጉሮሮ ወለል ተነስቶ ነው ወደ አንገት የሚወርደው። ለዚህ ነው አንዳንድ መጽሐፍ ኢንዶስታይልን አምስተኛው የኮርዴት ምልክት የሚለው፤ እኔም አምስት ብለው ከሚቆጥሩት ጋር ነኝ።

እንግዲህ ይህ ዕጢ መነሻው ባሕር ነው፣ ባሕር ደግሞ አዮዲን አያጣም። እኛ ያለነው ደጋ ላይ ነው። ለብዙ ሺህ ዓመታት የዘነበው ዝናብ አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ወርዷል። በዚያ አፈር ላይ የበቀለው ጤፍና በቆሎ፣ እሱን የበላችው ላም፣ ወተቷ፣ ሁሉም አዮዲን ያንሰዋል። ዕጢው ያጣውን ለማካካስ ያብጣል። አዮዲን ያለው ጨው የሚመከረው ለዚህ ነው። ጨው ከገዛችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉ፤ ከምድጃና ከእርጥበት አርቁት። ወጡ ሊወርድ ሲል ብትጨምሩት ይሻላል፣ ሙቀት አዮዲኑን ያሳሳዋል። እናትሽና አክስትሽ ግን ይታዩ፤ የቆየ እንቅርት በጨው ብቻ አይመለስም፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ አዮዲን ላይሆን ይችላል።

ከሞጣ

ጥያቄ፦ የሌሊት ወፍ ወፍ ናት ወይስ አይጥ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይደለችም። አጥቢ ናት፤ ጸጉር አላት፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ክንፏ የእጅ ጣቶቿ ረዝመው በቆዳ የተያያዙበት ነው። የአይጥም ዘር አይደለችም፣ ራሷን የቻለች ቡድን ናት።

ከደጀን

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ ሁለት ሁለት ቢራ ተወራርደናል። እኔ አዞ የሚቀርበው ለእንሽላሊት ነው አልኩ፤ ሁለቱም ገበሎ አስተኔ ስለሆኑ። እሱ ለዶሮ ይቀርባል ብሎ ድርቅ አለ። ፍረድልን።

መልስ፦ ክፈል። ጓደኛህ ልክ ነው። አዞና ወፍ ከአንድ የጋራ አያት የተለያዩት አዞና እንሽላሊት ከተለያዩበት ዘመን በኋላ ነው። ልባቸውን ተመልከት፤ የዶሮ ልብ አራት ክፍል አለው፣ የአዞም እንዲሁ፤ እንሽላሊት ግን ሦስት ነው። ሁለቱም ጎጆ ሠርተው እንቁላላቸውን ይጠብቃሉ፣ የአዞ ጫጩት እንቁላሉ ውስጥ ሆና ትጮኻለች፣ እናቷም ሰምታ ትቆፍርላታለች። የዛሬ አመዳደብ የሚከተለው ማን ከማን ጋር አያት ይጋራል የሚለውን ስለሆነ፣ "ገበሎ አስተኔ" የሚለው ሣጥን ወፎችን ካላካተተ ጎደሎ ነው። መማሪያ መጽሐፍ ላይ አሁንም ለብቻ ተጽፎ ታገኘዋለህ፤ ለፈተና እንደ መጽሐፉ መልስ፣ ለውርርድ እንደዚህ።

ገንዘብህን የምታስመልስበት ግን አለኝ። ጓደኛህን "ሳንባ ያለው ዓሣ፣ ላንግፊሽ የሚሉት፣ ለቀረሶ ነው ወይስ ለበሬ የሚቀርበው?" ብለህ ተወራረደው። ለቀረሶ ነው እንደሚል እርግጠኛ ነኝ። መልሱ ለበሬ ነው። አራት እግር ያላቸው ሁሉ የወጡት ሥጋማ ክንፍ ካላቸው ከላንግፊሽ ወገኖች ነው፤ ቀረሶ ያኔ ሌላ መንገድ ይዞ ሄዷል። ሁለት ሳይሆን አራት ቢራ አስይዘው።